አየሁህ፣ አንተም እየኝ

በደጋ አገር ሰው መጣራት ያውቅበታል። ዋግን የረገጠ ሁሉ አይቶታል፤ ከአንዱ ጋራ ላይ ሆነው ሲመለከቱት ማዶ ያለው መንደር እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ልድረስበት ካሉ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ ሰው እግሩን ከማድከሙ በፊት ድምፁን ይልካል። «ኧረ እገሌ!» ይላል። ከማዶ «አቤት!» የሚል ከተመለሰ ወሬው ይቀጥላል። ካልተመለሰ ግን ጩኸቱ የገደል ማሚቶ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል።

«አቤት» ግሩም ቃል ናት። የተጠራ ሰው «አቤት» ብሎ ይመልሳል፤ የተበደለ ሰውም «አቤት» ብሎ ይጀምራል። «አቤቱታ» የሚለው ከዚያው ነው፤ «አቤት ባይ»ም ከዚያው። ቋንቋችን ለጠሪ መልስ መስጠትንና ዳኛ ደጅ ቆሞ መጮህን በአንድ ቃል አስሮ አስቀምጧቸዋል። መልስ የመስጠት መብት የሌለው ሰው አቤት የማለትም መብት የለውም ማለት ሳይሆን አይቀርም ነገሩ።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለማውራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካን አገር ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ቲም ዶርሲ የሚባል ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር የሚሆን ፕሮግራም ሠራ። ሁለት ሰዎች፣ ከዚያም ብዙ ሰዎች፣ በኢንተርኔት በኩል ፊት ለፊት የሚተያዩበት ነበር። ስሙን «ሲ ዩ ሲ ሚ» አሉት። ወደ እኛ ስንመልሰው «አየሁህ፣ አንተም እየኝ» እንደ ማለት ነው። ዛሬ በዙምም ሆነ በሌላው የምንሰባሰብበት የምስል ስብሰባ ሁሉ የእሱ የልጅ ልጅ ነው ብንል ብዙ አናጋንንም።

ስሙን ልብ በሉልኝ። ስሙ ውስጥ ውል አለ። እኔ አንተን ካየሁ አንተም እኔን ታያለህ። የዚህን መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኮርኔል ተነስተው ካሊፎርኒያ ላይ ይጨርሳሉ። እኔ ደግሞ ከሰቆጣ በኩል ላየው ፈለግሁ። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ርእሰ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። «አየሁህ፣ አንተም እየኝ» የሚለው ውል እዚያ ድረስ ሲሄድ ምን ሆነ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ዋግ በመስኮት ከዓለም ጋር የተገናኘው ግን ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ አንድ ዜና አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ፊልሙን ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበሩ። ቦታው ኮረም። ኮረም ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ናት፤ በዚያ ክፉ ቀን የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ተራራውን እየወረደ የሄደው ወደዚያ መጠለያ ነው። ፊልሙ ከአገር አገር ዞረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ በሳተላይት ተገናኝተው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ፤ በአንድ ቀን ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ዘፈነ፤ ገንዘብም ዋጣ።

በዚያ ፊልም ነፍስ ተርፏልና ውለታውን መካድ ነውር ነው። ዳሩ ግን መሣሪያውን እንየው። ካሜራው ኮረም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሌላ ቦታ። በዚያ ብርድ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው እናት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አይቷታል፤ እሷ ግን አንዳቸውንም አላየችም። ምን እንደሚባልላት አልሰማችም፤ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ልትልም አልቻለችም። የውሉ ግማሽ ብቻ ተፈጸመ፤ «አየሁሽ» ተባለች፤ «አንቺም እይኝ» ያላት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የውጭ አገር ሰው ዋግን በዚያ ፎቶግራፍ ነው የሚያውቀው። የላስታና የዋግ ምድር የዛጉዌ ነገሥታት አገር እንደነበረ፣ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. እንደ ነገሡ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ የሚነግር ሰው በዚያ መስኮት አልወጣም።

ኮርኔል ያሉት ሰዎች ፕሮግራማቸውን የሠሩት ከዚህ ሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ነው። የእነሱ መሣሪያ ከቴሌቪዥን የተለየበት ነገር ምስል ማሳየቱ አልነበረም፤ ምስልማ የቴሌቪዥኑ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የተለየው ተራ ሰው ከቤቱ ሆኖ መታየትም ማየትም፣ መናገርም መመለስም መቻሉ ነው።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ግድም ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ያገራችን ሰው ይህን ነገር ቤቱ ሊተክል ተነሳ እንበል። በመጀመሪያ ካሜራ ያስፈልገዋል። ኮኔክቲክስ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ክዊክካም የሚባል ካሜራ አውጥቶ ነበር፤ ክብ፣ የዓይን ብሌን የምትመስል፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የምታሳይ፣ ዋጋዋ 100 ዶላር ገደማ። ቀጥሎ ሞደም። በስልክ ሽቦ በሰከንድ 28,800 ቢት የሚያሳልፍ ሞደም ያኔ ደህና የሚባል ነበር። ከዚያ ዊንዶውስ 3.1 ራሱ ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር ስለማያውቅ፣ ከታዝማኒያ የመጣ ትራምፔት ዊንሶክ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ነበረበት። የድምፅ ካርዱ ከሌላው ካርድ ጋር ይጣላል፤ እነሱን ማስታረቅ አንድ ቅዳሜ ይወስዳል። አብዛኛው ካርድ ደግሞ እያዳመጠ መናገር አይችልም ነበርና፣ ሲናገሩ አንዱን ቁልፍ መጫን፣ ሲጨርሱ መልቀቅ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መናገር ለለመድነው ለእኛ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።

አድራሻውስ? አድራሻው ስም አይደለም፤ በአራት ክፍል የተደረደረ ቁጥር ነው። በስልክ ለሚገናኝ ሰው ቁጥሩ በገባ ቁጥር ይቀያየራል። ስለዚህ ወዳጅህ እንዲያይህ የዛሬ ቁጥርህን ልትነግረው ይገባል። እንዳትደውልለት ደግሞ ስልኩን ሞደሙ ይዞታል! መፍትሔው «ሪፍሌክተር» የሚባል ኮምፒዩተር ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችና መሰል ተቋማት ያቆሙት፣ ሁልጊዜ በአንድ አድራሻ የሚገኝ፣ የአንዱን ምስልና ድምፅ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያካፍል። የቀበሌ አዳራሽ በሉት። ሰዎች እዚያ ይገናኛሉ፤ የእያንዳንዱ ፊት በየራሱ ትንሽ መስኮት ይወጣል።

ምስሉ ስፋቱ 160 ቁመቱ 120 ነጥብ ነበር፤ በአሥራ ስድስት ዓይነት ግራጫ የተቀባ። እስቲ እናስላው። 19,200 ነጥብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ቢት ቢያስፈልገው 76,800 ቢት ይሆናል። በ28,800 ሞደም አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ለመላክ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጃል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት መነጋገር አይቻልም። የኮርኔል ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ፦ ምስሉን በትንንሽ ካሬ ከፋፍለው የተለወጠውን ካሬ ብቻ ላኩ። ረጋ ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እጁን እያወናጨፈ የሚያወራ ሰው ደግሞ ይቆራረጣል። መስመሩ ሲጨናነቅ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፁም እንደ ተበጣጠሰ ክር ይመጣል። ያኔ ሰው ካሜራውን ዘግቶ ድምፁን ያድን ነበር። ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ይህን ነው፤ ፊት ቢቀር ይቀራል፣ ድምፅ አይቅር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሳክቶ ካሜራዋ በራች፣ ሞደሙም ጮኸ እንበል። ሰውዬው ሰቆጣ ያሉትን እናቱን ማየት ቢፈልግስ? በሌላኛው ጫፍ ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፦ ኮምፒዩተር፣ መብራትና የስልክ መስመር። ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በ1882 ዓ.ም. ነው፤ ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ይዘውት መጡ፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲሞከር ድምፁ የሰይጣን ነው ያሉ ካህናት እንደነበሩም ይተረካል። ከዚያ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ይህን ሁሉ ቀድመን ጀምረነዋል። ሽቦው ግን ዋና ከተማውን፣ ወደቡን፣ ባቡሩንና ጉምሩኩን እያየ ነው የሄደው። የዋግ ዓይነት ተራራማ አገር ወረፋው የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያም ቢሆን ስልክ የከተማ ጽሕፈት ቤት ዕቃ እንጂ የቤት ዕቃ አልነበረም።

አዲስ አበባም ብትሆን ገና ዳዴ ትል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ኢሜይል ያስተላልፍ ጀመር፤ መልእክቱ ይጠራቀምና በሰዓቱ በስልክ ተደውሎ ባንድ ላይ ይላካል። ሙሉው ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ ግድም ነው። ይኸውም ኮርኔሎች ፕሮግራማቸውን ካወጡ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

እስከዚያው የእኛ ሰው የራሱን ኮንፈረንስ አበጅቶ ነበር፤ ካሴት። በስደት ያለው ልጅ ካሴት ላይ ይቀዳል። «እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ያወራል። አገር ቤት ሰው ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ይደመጣል። እናት ካሴቱን ገልብጠው ይመልሳሉ፤ ጎረቤት እየተጠራ በተራ ይናገራል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ዶሮ ይጮሃል። በሰው እጅ ተልኮ በወሩ ወይም በሦስት ወሩ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ይህ ዘገምተኛ መሣሪያ ከቴሌቪዥኑ የሚበልጥበት ነገር ነበረው። ሁለት ጫፍ ነበረው። ሦስት ወር ይቆይ እንጂ «አቤት» የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ኔትሚቲንግ የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ በ1998 ፓልቶክ መጣ፤ በ2003 ስካይፕ ተከተለ። መትከሉ እየቀለለ፣ ካሜራው እየረከሰ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ የኢንተርኔት ካፌ በየሰፈሩ ተከፈተ። ሰው ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ማውራት ጀመረ። ያኔ ሕግ መጣ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ወይም የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ስሌቱ ለመንግሥት የሚገባ ስሌት ነው። ከውጭ አገር የሚደወል ስልክ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበርና በኢንተርኔት የሚያልፍ ድምፅ ያንን ገቢ ይሸረሽራል። ከሰውየው በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። መጻፍ ተፈቀደ፤ መናገር ተከለከለ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት የሚችሉት ደግሞ መናገር ብቻ ነው።

ሰቆጣን ወደመሰሉ ከተሞች የምስል ስብሰባ የገባው በሌላ በር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ሁለት ትልልቅ ኔትወርኮች ዘረጋ፤ ወረዳኔትና ስኩልኔት። ሁለቱም በሳተላይት። ለተራራ አገር ሳተላይት ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ ምሰሶ አይተከልለት፣ ገደል አያግደው፣ ዲሹን ወደ ሰማይ ማዞር ብቻ ነው። ወረዳኔት ከአምስት መቶ በላይ ወረዳዎችን ከፌዴራሉና ከክልሉ መንግሥት ጋር የሚያገናኝ ነበር፤ ትልቅ ስክሪን፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን። ቀድሞ ለአንድ ስብሰባ ሦስት አራት ቀን በመኪና የሚንገላታው የወረዳ ሹም አሁን ከቢሮው ሆኖ ሊሰበሰብ ነው። ድካሙ ቀረለት። ውሎ አበሉም አብሮ ቀረ፤ እሱን ያዘነበት ሰው አይጠፋም።

መሣሪያው ከኮርኔሉ በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ምስሉ ባለ ቀለም፣ ድምፁም ጥርት ያለ። የተፈጥሮ ሕግ ብቻ ነው ያልተሸነፈለት። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ናት። ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል፤ መልሱም እንደዚያው። «ሰቆጣ፣ ትሰማላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «እንሰማለን» እስኪባል ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል። ግማሽ ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች፤ ተጠያቂውን ያመነታ የምታስመስል፣ ጠያቂው መልስ የለም ብሎ እንዲቀጥል የምታደርግ ግን ይህች ግማሽ ሰከንድ ናት።

ከዚህ የሚብሰው የኔትወርኩ አሠራር ነበር። እምብርቱ አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ሰቆጣ ከጎረቤቷ ከደሃና ጋር ልነጋገር ብትል ድምፁ ወደ ሳተላይቷ ወጥቶ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ እንደገና ወጥቶ ደሃና ይወርዳል። ሁለት የአንድ ዞን ወረዳዎች ለመነጋገር ከመቶ አርባ ሺህ በላይ ኪሎ ሜትር በጠፈር ይዞራሉ። መሐንዲስ ቢጠየቅ የዋጋ ጉዳይ ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው። እኔ ግን በዚያ ንድፍ ውስጥ የአገራችንን የቆየ አስተዳደር አየዋለሁ። መንገዱ ሁሉ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር። ስብሰባውን የሚጠራው መሃሉ ነው፤ አጀንዳውን የሚይዘው መሃሉ ነው። ዳሩ ሲጠራ «አቤት» ይላል። ዳሩ ራሱ «ኧረ እገሌ!» ብሎ ሊጀምር ይችል ነበር፤ መሣሪያው አይከለክለውም፤ ልማዱ ግን አልነበረም። ነጋሪት ተጎስሞ «ስማ! ስማ!» ሲባል ለኖረ ሕዝብ ስክሪኑ አዲስ ነጋሪት ሆነ።

በትምህርት ቤቱ በኩል ደግሞ ነጋሪትነቱ ይበልጥ ግልጽ ነበር። ፕላዝማ የሚለውን ቃል የማያውቅ የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቅና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስክሪን ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ። አስተማሪው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰዓት ይቆጠራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ «ትክክል!» ብሎ ይቀጥላል። ማን መለሰ? ማን ተሳሳተ? እሱ አያውቅም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ፤ ሲመለስ ፕላዝማው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ ያለውን ልጅ አስቡት። ቤቱ ኽምጣና ሲናገር ያደገ፣ አማርኛን ከገበያና ከትምህርት ቤት የለመደ፣ አሁን ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ ፊዚክስ የሚነገረው። እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር እንኳ አፉን የሚከፍተው ፕላዝማው ሲፈቅድለት ነው። ጥሩ አስተማሪ ለራቀበት ትምህርት ቤት ፕላዝማው የጠቀመው ነገር እንዳለ አልክድም፤ የላቦራቶሪ ሙከራ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ማየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ተመሳሳይ ስክሪኖች ተተከሉ፤ ማይክሮፎን ያለው ለሹሙ፣ የሌለው ለተማሪው።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላም ነገር አለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተካሄደ፤ ከምርጫው በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ሥራ ውሎ ይገባና ፓልቶክ ላይ ይሰየማል። የፓልቶክ ክፍሎች የዚያ ዘመን ትልቁ የሕዝብ አዳራሽ ነበሩ። እጅ ይወጣል፣ ወረፋ ይያዛል፣ ማይክ ይለቀቃል። ደንቡ ያማረ ነበር። ከክፍሉ መንፈስ ያፈነገጠ ተናጋሪ ግን አድሚኑ ቀይ ነጥብ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ቢጮህ አይሰማም። ደጋፊም ተቃዋሚም የየራሱ ክፍል ነበረው፤ ቀይ ነጥቡ ግን የሁሉም ነበር። ስለ ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ ይሟገታሉ። ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ረሃብ። ገበሬው ግን እዚያ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፤ በኢንተርኔት መናገር የተከለከለበት አገር ነበር ያለው። በቅን ልቡና እንኳ ቢሆን፣ ባልተገኘ ሰው ስም ሌሊቱን ሙሉ መናገር ከኮረሙ ካሜራ እምብዛም አይርቅም።

በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 761 ወጥቶ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ያለ ፈቃድ መስጠትን በብዙ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ስካይፕ ተከለከለ ተብሎ ሲወራ ባለ ሥልጣናት «የከለከልነው ሕገ ወጥ ደዋዮችን እንጂ ስካይፕን አይደለም» ብለው ማብራሪያ ሰጡ። ሕጉ እየከለከለ፣ ማብራሪያው እየፈቀደ ጥቂት ዓመታት አለፉ። ጉዳዩን የፈታው ግን ሞባይል ነው። ዓረብ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ ስልክ ትልካለች፤ ስልኩ ላይ ኢሞ ተጭኖ ይመጣል። ትራምፔት ዊንሶክ የለ፣ ካርድ ማስታረቅ የለ። ጎረቤት ያለ አንድ ተማሪ ጣቱን ነካ ያደርግና የልጅቷ ፊት ይመጣል። ኮርኔል ላይ የተጻፈው ውል ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተፈጸመው እዚህ ይመስለኛል፤ እናት ያያሉ፣ ይታያሉም። «ከሳሽ እኮ!» ይላሉ። ልጅቷ «ኧረ ካሜራው ነው እማዬ» ትላለች።

ካርድ የሌለው ደግሞ ሚስኮል ያደርጋል። አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። በየትኛውም የኩባንያ መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ድሃው ጫፍ ራሱ የፈለሰፈው ጥሪ። «አለሁ፤ አንተ ደውል» ማለት ነው። የወረዳኔት ንድፍ ያልሰጠውን የመጀመር መብት ሕዝቡ በአንድ ጭረት ድምፅ ወሰደው።

የሰቆጣ ስም በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ሄዷል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገባ፤ ስሙንም የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። መልካም ቃል ነው። የከተማዋ ስም በየዓለም አቀፉ ጉባኤ ስክሪን ላይ ተጻፈ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ዓለም በሙሉ በዙም ሲሰበሰብ፣ ለቅሶ ሳይቀር በዙም ሲደረስ፣ ስለ ሰቆጣ ሕፃናት የሚመክሩ ሰዎችም ያለ አውሮፕላን የሚመክሩበት መንገድ ተከፈተ። የእናቲቱ መስኮትም እዚያ መካከል ቢከፈት በቴክኒክ ረገድ የሚያግድ ነገር አልቀረም ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ገባ፤ እስከ 2014 የመጀመሪያ ወራት ድረስ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። ስልክም መብራትም ተቋረጠ። ውጭ ያለው ልጅ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ኮርኔሎች ያላሙት ነው፤ ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ፣ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር። ይደውላል፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» ይባላል። በነጋታው ይደውላል። በሳምንቱ ይደውላል። አንዳንዱ ከቆቦ ከወልዲያ የተሰደደ ሰው ፈልጎ «ከሰቆጣ የወጣ ሰው አግኝታችኋል?» እያለ በአፍ ወሬ መጠየቅ ጀመረ። በሠላሳ ዓመት ተራምደን የመጣነውን መንገድ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሄድነው፤ ካሴት እንኳ አልነበረም። ትንሽ ሰላም ሲገኝ ደግሞ በ2015 መጨረሻ ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ።

መሐንዲሶች የኔትወርክን ጥራት በፍጥነቱ ይለካሉ። ከ28,800 ቢት ተነስተን በሚሊዮኖች ደርሰናል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ፤ በ2015 መጀመሪያ ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ይበል ያሰኛል። ለእኔ ግን የሰቆጣ ታሪክ የሚያስተምረኝ ሌላ መለኪያ ነው። ጥሪውን ማን ይጀምራል? መልሱ በየትኛው ቋንቋ ይሰማል? መዝጊያውስ በማን እጅ ነው? በ1977 ካሜራው ሲመጣ፣ በ1990ዎቹ ስክሪኑ ሲተከል፣ በ2013 መስመሩ ሲቋረጥ ዋግን ያማከረ አልነበረም። መሣሪያው አራት ጊዜ ተለወጠ፤ መዝጊያው የተቀመጠበት ቦታ ግን አልተለወጠም።

አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ይህ ተረት የተነገረው ንጉሥ ፊት ቆሞ ለመናገር ለደረሰ ሰው ነው። እዚያ ለመድረስ መንገድ ላጣ ሰው የሚሆን ተረት የለንም። ስለዚህ ከእንግዲህ በየገጠሩ አዲስ ኔትወርክ ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሹሙ በስክሪን ብቅ ብሎ «ትሰማላችሁ?» ሲል፣ ከወዲያ በኩል የምንጠብቀው መልስ «እንሰማለን» ብቻ መሆን የለበትም። አንዱ ሽማግሌ በኽምጣና «እናንተስ፣ ትሰማላችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና፣ ከመሃል አገር በግማሽ ሰከንድ ውስጥ «አቤት» የሚል ቢገኝ፣ ያን ቀን ኔትወርኩ ተዘረጋ እንላለን።